በውርጭ ውስጥ የተቀመጠው የልጅ አማና

ማኅፀንን በሥውር ላበጀ፥ ሕመምንም ፈጥሮ መድኃኒቱን እንፈልግ ዘንድ ለፈቀደልን ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ የተከበርህ አንባቢ ሆይ! አንተ በገበያ መካከል የምትኖር ሰው ነህና አማና ምን እንደ ኾነ ታውቃለህ። ነጋዴ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ገንዘቡን ከታመነ ሰው ዘንድ ያኖራል፤ ተቀባዩም በዚያ ገንዘብ አይነግድበትም፥ ለሌላ አያበድረውም፥ ከራሱም ገንዘብ ጋር አይቀላቅለውም፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ እንዳለ ይመልስለታል። ይህ ሁሉ በሰው ዘንድ የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን ግን አባቶቻችን ያላሰቡት አንድ ዐይነት አማና ተገኝቷል። እርሱም ወርቅ አይደለም፥ እህልም አይደለም፤ ከታመመች ሕፃን ልጅ ገላ የተወሰደ፥ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ሥጋ ነው። ይህ ሥጋ በብርቱ ብርድ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ልጅቱ ድና፥ አድጋ፥ ባልም ባገባች ጊዜ ወደ ገላዋ ይመለሳል፤ አላህ የፈቀደ እንደ ኾነም ልጅ ትወልድበታለች።

የዚህ ነገር ወሬ ወደ ብዙ ቤት ደርሷል። አንዳንዱ ሰው ሰምቶ «ይህ በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊያደርገው ይገባል» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩ ምን እንደ ኾነ፥ ለማን እንደሚገባ፥ ወላጅም በዚህ አማና ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን እንደሚደርስ በአላህ ፈቃድ እንገልጣለን።

የነገሩ ማብራሪያ

ዕወቅ፤ ሴት ልጅ ስትወለድ የእንቁላሎቿን ዘር ሁሉ በሁለቱ እንቁልጢዎቿ ውስጥ ይዛ ትወለዳለች፤ ቍጥሩም ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ለወንድ በየቀኑ አዲስ ዘር ይፈጠርለታል፤ ሴት ግን በልደቷ ቀን የተሰጣትን ስንቅ እየቀነሰች ትኖራለች እንጂ አይጨመርላትም። ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ የሚቀራት ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ያህል ነው፤ ዕድሜዋ ወደ 50 ዓመት ሲጠጋ ስንቁ ያልቃል።

ካንሰርን የሚገድለው ብርቱ መድኃኒትና ጨረር ግን የ40 ዓመት ስንቅን በጥቂት ጊዜ ሊፈጀው ይችላል። ይህም መድኃኒት ለካንሰር ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ታላሴሚያና ሲክል ሴል በሚባሉት የደም በሽታዎች የሚሠቃዩ ልጆች የሌላ ሰው መቅኔ በሚሰጣቸው ጊዜ፥ አስቀድሞ የታመመውን መቅኔ ለማጥፋት ይሰጣቸዋል። ልጅቱ በዚህ ከሞት ትድናለች፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገና ጡት ሳታወጣ እንቁልጢዋ እንደ አሮጊት እንቁልጢ ይደርቃል።

የታመመችው ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት የኾነች እንደ ኾነ፥ ሐኪሞች 2 ሳምንት ያህል መድኃኒት ሰጥተው የበሰሉ እንቁላሎቿን ለቅመው ያስቀምጡላታል። ሕፃን ልጅ ግን የበሰለ እንቁላል የላትም። ስለዚህ ለእርሷ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ማደንዘዣ ይሰጣትና፥ በሆዷ ላይ በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ አንደኛው እንቁልጢ ወይም ከፊሉ ይወጣል፤ ሁለተኛው በቦታው ይቀራል። የእንቁላሎቹ ዘር የሚገኘው በላይኛው ቅርፊት ስለ ኾነ፥ ቅርፊቱ በስሱ ይቆራረጣል፤ በረዶ እንዳይሰነጥቀው በሚጠብቅ ፈሳሽ ይነከራል፤ ቀስ በቀስም ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በኾነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ብርድ ውስጥ ሥጋ አያድግም፥ አይበሰብስምም።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሊቃውንት ግሊሰሪን የተባለው ፈሳሽ የወንድን ዘር ከበረዶ ጉዳት እንደሚጠብቅ ደረሱበት። በ1994 ዓ.ም. ሮጀር ጎስደን የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር የበግ እንቁልጢ ቅርፊትን አቀዝቅዞ ለዚያችው በግ ቢመልስላት ግልገል ተወለደ። በ1997 ዓ.ም. በቤልጅክ አገር በብራስልስ ከተማ፥ ሆጅኪን የተባለ የሊምፍ ካንሰር የያዛት ሴት መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ቅርፊቷ ተወስዶ ተቀመጠላት፤ ዶክተር ዣክ ዶኔና ባልደረቦቹ በ2003 ዓ.ም. መለሱላት፤ በ2004 ዓ.ም.ም ሴት ልጅ ወለደች። በዚህ መንገድ ስለ ተወለደ ሕፃን በዓለም ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ዜና ይህ ነው።

ይህች ሴት ግን ለራሷ የቈረጠች ትልቅ ሰው ነበረች። የእኛ ጥያቄ ስለ ሕፃናት ነውና ሌሎች ሁለት ምሳሌዎችን ተመልከት። በኮንጎ የተወለደች፥ ሲክል ሴል የሚያሠቃያት አንዲት ልጅ በብራስልስ መቅኔ ሊሰጣት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ዕድሜዋ 14 ዓመት ሳይሞላ፥ የወር አበባም ሳታይ፥ አንዱ እንቁልጢዋ ተወስዶ ተቀመጠ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ተመለሰላትና በ2014 ዓ.ም. በ27 ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለተኛይቱ የዱባይ ሰው ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ታላሴሚያ ነበረባት። በ2001 ዓ.ም. ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች አንዱ እንቁልጢዋ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ተወስዶ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ በኋላ በለንደን መቅኔ ተሰጥቷት ዳነች። ዐድጋ ባል ካገባች በኋላ ቅርፊቱ በዴንማርክ ሐኪሞች እጅ ወደ ገላዋ ተመለሰ፤ ከባሏም ጋር በ2016 ዓ.ም. በለንደን ወንድ ልጅ አገኙ። የ9 ዓመት ልጅ ስለ ልጅ መውለድ ምን ታውቃለች? ወላጆቿ ግን በዚያ በጭንቅ ወራት፥ ልጃቸው ትኑር ወይም ትሙት ሳያውቁ፥ ከ15 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ቀን ዐሰቡላት።

ከዚህ በኋላ በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ይህን ሕክምና ከሙከራ ተራ አወጣው። በዓለም ላይም በዚህ መንገድ የተወለዱት ልጆች ከ200 በላይ ኾነዋል።

ለማን እንደሚገባ

ነገር ግን፥ ወንድሜ ሆይ! ምሳሌው ስላማረ ብቻ አትቸኵል። ብልኅ ነጋዴ ስለ ትርፉ ሲነግሩት ስለ ኪሳራው ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ሕይወት ትቀድማለች። በ505 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ ሸሪዓ የሚጠብቃቸውን 5 ነገሮች ሲቈጥሩ፥ ከሃይማኖት በኋላ ነፍስን፥ ከዚያም አእምሮን፥ ከዚያም ዘርን፥ በመጨረሻም ገንዘብን አስቀምጠዋል። እንግዲህ ዘር ከገንዘብ በፊት ነው፤ ከነፍስ ግን በኋላ ነው። የልጅቱን ሕክምና በማዘግየት ነፍሷን የሚያሰጋ ከኾነ፥ ስለ ልጅ ልጅ ብሎ ልጅን ማጣት ይኾናልና አይገባም።

ሁለተኛ፥ ሕክምናው ለታመመች ልጅ ሁሉ አይደለም። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት መመዘኛ አለ፤ ሌሎችም ይከተሉታል። በእርሱም መሠረት፥ ታማሚዋ ከ35 ዓመት በታች መኾን አለባት፤ እንቁልጢዋ ያለ ዕድሜው የመድረቁ ሥጋት ከመቶ 50 በላይ መኾን አለበት፤ 5 ዓመት ለመኖርም እውነተኛ ተስፋ ሊኖራት ይገባል። ብዙ የካንሰር መድኃኒቶች ግን እንቁልጢን እስከዚህ አይጎዱም። ሳያስፈልግ የልጅን ጤነኛ እንቁልጢ ማውጣት በደል ነው።

ሦስተኛ፥ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር የታመመች እንደ ኾነ፥ በሚቀመጠው ቅርፊት ውስጥ የካንሰሩ ዘር ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል፤ ሲመለስላትም በሽታውን ይዞባት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለችው ልጅ ሐኪሞች ቅርፊቱን ለመመለስ እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ ብዙዎቹም አይመልሱም። ይህን ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበል ሰው አጭበርባሪ ነው።

አራተኛ፥ ተስፋው ዋስትና አይደለም። ቅርፊቱ ከተመለሰላቸው ሴቶች መካከል ልጅ አቅፈው ያዩት ከ4 አንዷ፥ ወይም ከ3 አንዷ ያህል ናቸው። በልጅነታቸው የተወሰደላቸውና ተመልሶላቸው የወለዱት ደግሞ ገና በጣም ጥቂቶች ናቸው። እውነት ነው፥ ቅርፊቱ በተመለሰ በ4 ወይም በ5 ወር ውስጥ ብዙ ጊዜ የወር አበባ ይመለሳል፥ የሴትነት ጤናዋም ይታደሳል፤ ይህም ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ይህም ለጥቂት ዓመታት እንጂ ለዘለዓለም አይቈይም።

ለሁለት ጥያቄዎች መልስ

አንድ ሰው «የሚሰጥም የሚከለክልም አላህ ነው፤ የወሰነላትን ታገኛለች፤ ይህ ሁሉ ድካም የተወኩል ጕድለት አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ እንዲህ እንመልስለታለን። አንተ ራስህ ዕቃህን ጭነህ በሩቅ መንገድ ስትልክ ገመዱን ታጠብቃለህ፥ የታመነ ሹፌር ትፈልጋለህ፥ ከዚያም ለአላህ ትተዋለህ። ገመዱን ሳያጠብቅ «ተወክያለሁ» የሚል ሰው ሰነፍ ይባላል እንጂ ተወካይ አይባልም። ነቢዩ ዘከርያ (ዐ.ሰ.) አጥንታቸው ደክሞ፥ ሚስታቸውም መካን ኾና ሳለች፥ ጌታቸውን ልጅ ከመለመን አላፈሩም። ልጅን መፈለግ ጕድለት ቢኾን ኖሮ ነቢይ ባልለመነው ነበር። ገመድ ያጠበቀ ሰው ግን ዕቃው በደኅና እንደሚገባ አይምልም፤ ይህን ሕክምና ያደረገም «ልጄ በእርግጥ ትወልዳለች» አይበል።

ሌላም ሰው «ይህ የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለምን?» ቢል፥ መልሱ እንዲህ ነው። ቤቱ እሳት ሳይነካው የቤቱን በር ነቅሎ የሚወስድ ሰው ቤቱን አፍርሷል፤ እሳት ሲመጣ ከቤቱ ውስጥ የወላጅ አልባውን ሣጥን አውጥቶ ከጎረቤት የሚያኖር ግን ንብረት አድኗል። እንቁልጢዋን የሚያደርቀው መድኃኒቱ ነው፤ ሐኪሙ ከእሳቱ በፊት ጥቂቱን አወጣ እንጂ አልለወጠም። የሚመለሰውም ወደ ወጣበት ገላ ነው። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1408 ዓመተ ሒጅራ፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ባደረገው ጉባኤ፥ ከአንድ ሰው ገላ የተወሰደን ነገር ወደዚያው ሰው ገላ ሌላ ቦታ ማዛወር፥ ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝን ከኾነ የተፈቀደ መኾኑን ወስኗል።

ይህን ደግሞ ዕወቅ፤ የተቀመጠው ቅርፊት ልጅ አይደለም፥ ፅንስም አይደለም። ከወንድ ዘር ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ ማስቀመጡ ነፍስን ማሰር አይደለም፤ ሳይፈለግ ቢቀርና ቢወገድም ነፍስን መግደል አይደለም። የልጅቱ የገላዋ ክፍል ነው፤ ክብሩም የገላዋ ክብር ነው።

የአማናው ባለቤት ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ይህን ሥጋ የማን እንበለው? የሐኪም ቤቱ ነውን? አይደለም፤ ሐኪም ቤቱ ግምጃ ቤት ነው። ኪራዩን የሚከፍለው የአባት ነውን? አይደለም፤ አባት ሞግዚት ነው። ወደ ፊት የሚያገባት የባል ነውን? እርሱ ገና አልታወቀም። ባለቤቷ ያቺ በአልጋ ላይ የተኛችው፥ ጠጕሯ የረገፈው፥ ስለ ነገሩ ስም እንኳ የማታውቀው ሕፃን ናት። ወላጅ ሆይ! በዚህ ነገር አንተ የየቲም ገንዘብ እንደ ተሰጠው ሰው ነህ፤ ትጠብቃለህ እንጂ አታዝዝበትም። ይህን ከተቀበልህ 5 ግዴታዎች ይከተሉሃል።

አንደኛው ግዴታ መጠየቅ ነው። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ስለ ልጃቸው ከአላህ ዘንድ የታዘዙት ትእዛዝ በመጣ ጊዜ፥ ቅዱስ ቁርኣን እንደሚተርክልን፥ ልጃቸውን ነግረው ምን እንደሚያስብ ጠየቁት። ትእዛዙ ከአላህ ኾኖ ሳለ ጠየቁ! አንተ ታዲያ ከሐኪም ምክር ብቻ ይዘህ ልጅህን ሳትነግር ገላዋን ታስከፍታለህን? ልጅቱ 5 ዓመቷ ቢኾን ለ5 ዓመት ልጅ በሚገባ ቃል፥ 12 ዓመቷ ቢኾን ለ12 ዓመት ልጅ በሚገባ ቃል ንገራት። ፈርታ ብታለቅስ አትቈጣት፤ አሥረዳት። ዐውቃ እንቢ ብትል የእንቢታዋን ምክንያት አድምጥ፤ ይህ ሕክምና ነፍስን የሚያድን ሕክምና አይደለምና፥ ቢቀርም አትሞትምና።

ሁለተኛው ግዴታ መጻፍ ነው። በአል በቀራ ምዕራፍ ውስጥ ያለው፥ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው አንቀጽ ስለ ብድርና ስለ መጻፍ መናገሩን ነጋዴዎች ታውቃላችሁ። ለጥቂት ብር ጽሕፈትና ምስክር ከተፈለገ ለዘር እንዴት አይፈለግም! ሥጋው በማን ስም እንደ ተቀመጠ፥ በየዓመቱ የሚከፈለው ምን ያህል እንደ ኾነ፥ ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ ሥልጣኑ ወደ እርሷ እንደሚዛወር፥ ግምጃ ቤቱ ቢዘጋ ወዴት እንደሚሄድ፥ ልጅቱ ብትሞት ምን እንደሚደረግ፥ ከሌላ ሰው ሥጋ ጋርም እንዳይደባለቅ በምን ምልክት እንደሚጠበቅ፥ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይኹን። በስም መሳሳት በገንዘብ ላይ ኪሳራ ነው፤ በዚህ ላይ ግን የነሰብ መጥፋት ነው።

ሦስተኛው ግዴታ መንገር ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከዳነች በኋላ የበሽታውን ስም እንኳ በቤት ውስጥ ማንሣት አይወዱም፤ ቂም ሳይኾን ፍቅር ነው፥ የፍርሃት ፍቅር። ነገር ግን ባለቤቱ የማያውቀው አማና ከጠፋ አማና አይሻልም። ልጅቱ ባደገች ጊዜ፥ ምን እንደ ተወሰደባት፥ ለምን እንደ ተወሰደ፥ ወዴትም እንዳለ ወላጆቿ ይንገሯት፤ ጽሑፉንም በእጇ ይስጧት።

አራተኛው ግዴታ አለማስገደድ ነው። ልጅቱ አድጋ «አልፈልገውም» ልትል ትችላለች። ምናልባት የቀረው እንቁልጢዋ ሠርቶ ያለ ምንም ሕክምና ትወልድ ይኾናል፤ ካስቀመጡት ሴቶች መካከል እስከ አሁን ተመልሰው የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸውና። ምናልባትም ዳግመኛ ቢላዋ ትፈራ ይኾናል። በዚያን ጊዜ አባት «ይህን ያህል ዓመት ኪራይ የከፈልሁት ለምን ነበር? የልጅ ልጄስ?» ብሎ እንደ አበዳሪ አይቁምባት። የከፈለው ለእርሷ ምርጫ እንጂ ለራሱ የልጅ ልጅ አልነበረም። የልጅ ልጅ ሊገዛ ብሎ የከፈለ ከነበረ ግን፥ ከመጀመሪያውም አማና አልጠበቀም፥ በሌላ ሰው ገንዘብ ነግዷል።

አምስተኛው ግዴታ ጊዜው ሲያበቃ ማሰናበት ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በሽታው አሸንፎ ልጅቱ የሞተች እንደ ኾነ፥ እናቷ ያን በብርድ ያለ ሥጋ የልጇ ቅሪት አድርጋ ልታየው ትችላለች፤ ልቧ «ከእርሷ አንድ ነገር ቀርቶልኛል» ይላታል። እናቴ ሆይ! ኀዘንሽ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ ሥጋ ወራሽ የለውም። ለእኅቷ አይሰጥም፥ ለሌላ ሴት አይሸጥም፥ ማንም ልጅ አይወልድበትም። ከባለቤቲቱ ጋር ዘመኑ አብቅቷል፤ የሰው ገላ ክፍል በክብር በሚሸኝበት መንገድ ይሸኝ። ለልጅሽ የቀረላት ዱዓሽና በስሟ የምትሰጪው ሰደቃ ነው።

ስለ ነሰብ

ለእኅት አይሰጥም ያልነው ከራሳችን የመጣ አይደለም። ያው የፊቅህ አካዳሚ በ1410 ዓመተ ሒጅራ በሻዕባን ወር፥ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በጂዳ ተሰብስቦ ስለ እንቁልጢና ስለ ወንድ የዘር ፍሬ መረመረ። ልብና ኵላሊት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ቢዛወሩ የሰጪውን ዘር አይወልዱም፤ እንቁልጢ ግን በሌላ ሴት ገላ ውስጥ እንኳ ኾኖ የፊተኛይቱን ባለቤት ዘር ማውጣቱን አይተውም። ስለዚህም ጉባኤው ከሰው ወደ ሰው ማዛወሩን ከለከለ። እናት ለልጇ፥ እኅትም ለእኅቷ ብትሰጥ ክልክልነቱ ያው ነው፤ የሚወለደው ልጅ እናቱ ማን እንደ ኾነች ግራ ይገባዋልና።

የተመለሰው ቅርፊት በተፈጥሮ መንገድ ፅንስ ባያስገኝ፥ እንቁላሉ ተወስዶ በላቦራቶሪ ከባል ዘር ጋር ይገናኛል። በዚህም ላይ ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በዐማን ከተማ ባደረገው ጉባኤ 7 መንገዶችን መርምሮ 5ቱን ከልክሏል፤ የፈቀደው ዘሩ የባል፥ እንቁላሉም የሚስት ኾኖ ወደዚያችው ሚስት ማኅፀን የሚመለስባቸውን 2 መንገዶች ብቻ ነው። የግብፅ ዳር አል ኢፍታም በ2019 ዓ.ም. እንቁላል ስለ ማቀዝቀዝ በተጠየቀ ጊዜ በተወሰኑ ሁኔታዎች ፈቅዷል፤ ከእነርሱም መካከል መገናኘቱ በጸና ኒካሕ ውስጥ በባልና በሚስት መካከል እንዲኾን፥ ከሌላም ጋር እንዳይደባለቅ የሚሉት ይገኛሉ። ኒካሑ በሞት ወይም በፍቺ ካበቃ በሩ ተዘግቷል። አንተም ነገሩ በቤትህ የደረሰ እንደ ኾነ፥ የልጅህን ሐኪምና የምታምነውን ዐሊም አቀራርበህ ጠይቅ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃህም።

ስለ ጋብቻና ስለ ሴት ክብር

በነጋዴዎች መካከል የሚነሣ አንድ ነገር ቀርቷል። የዳነችው ልጅ ለጋብቻ በተጠየቀች ጊዜ ይነገራልን፥ ወይስ ይሸሸጋል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከታች እርጥቡን እንዳገኙና፥ እርጥቡን የሸሸገውን ነጋዴ እንደ ገሠጹት ዐውቀሃል። ሴት ልጅ እህል አይደለችም፥ ዕቃም አይደለችም፤ ማታለል ግን በእህልም ላይ ከተነወረ በኒካሕ ላይ እጅግ የባሰ ነው። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር ለሚፈልጋት ሰው፥ ከውሉ በፊት፥ በራሷ ፈቃድ ይነገረው። ለሰፈሩና ለገበያው ግን አይነገር፤ ምሥጢሯ የራሷ ነውና። በሐኪም ቤት የተቀመጠውንም ሥጋ «ትወልዳለች» የሚል ማረጋገጫ አድርጎ ለአማች ማሳየት ያልተያዘ ትርፍን እንደ መሸጥ ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ በል። ልጅህን ለመውለድ ብቻ እንደ ተፈጠረች አድርገህ አትመልከታት፤ እርሷም ራሷን እንዲህ እንድታይ አታድርጋት። የምእመናን እናት ዓኢሻ ልጅ አልወለደችም፤ ነገር ግን ኡመቱ ሃይማኖቱን ከእርሷ ተማረ፥ እናቴም ብሎ ጠራት። ይህን ሕክምና ማግኘት ያልቻለ ድኻ አባት፥ ወይም ነገሩ ሳይነገረው ጊዜው ያለፈበት አባት፥ ልጁን በደለ አይባልም። ጥበቡ በየከተማው አይገኝም፥ ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ብሎ በወለድ መበደር፥ ወይም የሌሎቹን ልጆች ጕሮሮ መዝጋት አይገባውም። ልጁ ከሞት አፋፍ ተመልሳ በቤቱ ስትሥቅ መስማቱ ራሱ ሰው አመስግኖ የማይጨርሰው ስጦታ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ! የነገሩን ማሰሪያ ያዝ። በዚህ ጥበብ ላይ የተሰጠው ፍርድ በመሣሪያው ላይ ሳይኾን በያዘው ሰው ልብ ላይ ነው። ልጁ ነገ መምረጥ ትችል ዘንድ ዛሬ በር የሚጠብቅላት ወላጅ አማናን ተወጣ፤ በልጁ ገላ የራሱን ምኞት የሚያስቀምጥ ወላጅ ግን አማናን በላ። ሁለቱም በአንድ ሐኪም ቤት ደጃፍ ቆመው፥ በአንድ ወረቀት ላይ ሊፈርሙ ይችላሉ፤ የሚለያያቸውን የሚያውቅ አላህ ነው።

አላህ ሆይ! የታመሙ ልጆቻችንን ፈውስ፤ ወላጆቻቸውን በጭንቅ ጊዜ ብልኆችና ታማኞች አድርግ፤ ሐኪሞቻቸውን እውነትን የሚናገሩ አድርግ፤ ልጅ ለሚለምኑህ ልጅ ስጥ፥ ላልሰጠሃቸውም ከልጅ የሚበልጥ ጽናትና ደስታ ስጥ፤ አማናንም ለባለቤቱ ከሚመልሱት ባሮችህ አድርገን። አሚን።